ከመርከብ ወርዶ ዛንዚባርን ማየት፦ የአንድ የኮምቦልቻ ልጅ 9 ቀናት

ባሕረኛው (ኮምቦልቻ) ጻፈ፦

ሰላም ወገኖቼ። ከኮንትራት ተመልሼ ኮምቦልቻ እናቴ ቤት ነው ያለሁት። ቡና በተፈላ ቁጥር የሚመጣው ጎረቤት ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ይህን ሁሉ አገር ዞረህ ምን አየህ?» እውነቱን ለመናገር ከአብዛኛው ወደብ ያየሁት ክሬንና የኮንቴይነር ክምር ነው። ጭነቱ በአንድ በሁለት ቀን ይራገፍና እንወጣለን። እኔ ደግሞ ሦስተኛ መሐንዲስ ነኝ፤ መርከቧ ቆመች ማለት ለእኔ የጥገና ሥራ ተጀመረ ማለት ነው።

የታንዛኒያዋ ደሴት ዛንዚባር ግን የተለየች ሆነች። ታኅሣሥ ላይ ተራችን እስኪደርስ ከደሴቲቱ ፊት ለፊት መልሕቅ ጥለን 9 ቀን ቆየን፤ በእነዚያ ቀናት 4 ጊዜ ወረድኩ። ለጎረቤቶቼ በአንድ ቡና ተርኬ ስላልጨረስኩት እዚህ በጽሑፍ ላስቀምጠው።

በመጀመሪያው ቀን 5 ሆነን ወረድን። የወደቡ ወኪል የላከልን ጀልባ ባለቤት ሽበታም፣ እጆቹ በገመድ የሻከሩ አዛውንት ነበር። እዚያ አገር በስዋሂሊ ቋንቋ አዛውንትን «ምዜ» ብለው ነው የሚጠሩት፤ እኛ «አባባ» እንደምንለው ነው። የድንጋይ ከተማ ከሚሉት አሮጌው ከተማ ዳርቻ አደረሰንና መመለሻውን ነገረን፦ «ሳ ኩሚ»። አሥር ጣቶቹን ዘርግቶ አሳየን። የመርከባችን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፊሊፒናዊ ነው፤ ስልኩ ላይ ፈልጎ «ኩሚ ማለት አሥር ነው፤ ከምሽቱ አሥር ሰዓት ይመጣል» አለ። ሌሎቹም በደስታ ተስማሙ፤ የሙሉ ቀን ዕረፍት መሰላቸው።

እኔ ግን የምዜን እጅ እያየሁ ነበር። «ኩሚ» ሲል ሌላው እጁ ወደ ፀሐይ ሄዶ ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ ከባሕሩ ጠርዝ ሁለት ጭብጥ ከፍ ብሎ ቆመ። ከምሽቱ አሥር ሰዓት ላይ ፀሐይ ከየት ይመጣል? የእጅ ሰዓቴን አሳይቼ «አሁንስ ስንት ነው?» ብዬ በምልክት ጠየቅሁት። «ሳ ታቱ» አለኝ። ሦስት ማለት ነው። የእጅ ሰዓቴ በመርከቡ አቆጣጠር 9:00 ይላል። ኪሴ ውስጥ ያለው፣ ከእናቴ ጋር የምነጋገርበት ስልክ በእኛ አቆጣጠር ነው የተሞላው፤ አውጥቼ ሳየው 3:00 ይላል።

ቆሜ ቀረሁ። ሰውዬው የሚቆጥረው እንደ እናቴ ነው። ፀሐይ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲያልፍ «አንድ ሰዓት»፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን «ስድስት ሰዓት»። ስድስት ዓመት ባሕር ላይ ስሠራ ለሰው ሁሉ «በእኛ አገር ቀኑ የሚጀምረው ከንጋት ነው» እያልኩ ሳስረዳ ኖሬ፣ ሳላስረዳው የገባው የመጀመሪያው ሰው ይህ ጀልበኛ ነው። ለጓደኞቼ «አሥር ሰዓት ያለው ከሰዓት በኋላ ነው፤ በእናንተ አራት ሰዓት ነው» አልኳቸው። ሦስታችን በአሥር ሰዓት ተገኘን። ሁለቱ አላመኑኝም፤ ምሽቱን ዳርቻው ላይ ሲጠብቁ ቆይተው በውድ ዋጋ ሌላ ጀልባ ተከራይተው ነው የተመለሱት። ከዚያ በኋላ የመርከቡ ሰው ሁሉ ከመውረዱ በፊት ሰዓቱን የሚጠይቀው እኔን ነበር።

በሁለተኛው ጉዞ ብቻዬን ገባሁ። የድንጋይ ከተማ መንገዶች ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማያሳልፉ፣ ግድግዳው በኮራል ድንጋይና በኖራ የተሠራ፣ በሩ ደግሞ የነሐስ ጉጥ የተመታበትና ዙሪያው በሰንሰለት ቅርጽ የተፈለፈለ ነው። ከቤቱ ግድግዳ ጋር የተያያዘ የድንጋይ መቀመጫ አለ፤ «ባራዛ» ይሉታል። እኔ መደብ ነው ያልኩት፤ የአያቴ ቤት መደብ ከውጭ ቢወጣ ይህን ይመስል ነበር። ማታ ማታ ሽማግሌዎች እዚያ ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ። ቡና አፍይው ከሰል ላይ የተጣደ የነሐስ ማንቆርቆሪያ አለው፤ ስኒዎቹ እጀታ የሌላቸው ናቸው። እኛ ወሎ ፍንጃል እንደምንለው ማለት ነው። አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። ስኳር የለውም፤ ከጎኑ ግን በስኳር የተጋገረ ኦቾሎኒ ያቀርባሉ።

የጋራ ቋንቋ አልነበረንም፤ ግን አንዳንድ ቃል ከዐረብኛው ወገን ስለሚገናኝ ተግባባን። ባሕሩን «ባሓሪ» ይሉታል፤ ሰሃኑን «ሳሐኒ»፣ ሒሳቡን «ሒሳቡ»፣ ስኳሩን «ሱካሪ»። «ቡና የመጣው ከእኛ አገር ነው» ብዬ በእጄ ወደ ሰሜን ሳሳይ ሽማግሌው ፍንጃሉን ከፍ አድርጎ በፈገግታ አየኝ። ሁለተኛውን ሲቀዳልኝ እኔ በልቤ «ቶና» አልኩ።

የቅርንፉዱን እርሻና የኤሊዎቹን ደሴት ጥያቄ ካለ እመለስበታለሁ። መርከብ ላይ ላላችሁ የወሎ ልጆች ግን የምለምናችሁ ነገር አለ፦ ፈቃድ ስታገኙ የወደቡ በር ላይ ካለው የሲም ካርድ ሱቅ አትመለሱ። ሁለት ሰዓትም ቢሆን ወደ ከተማው ግቡ፤ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ ተቀመጡ።

የቦርከና ልጅ ጻፈ፦

ወንድሜ፣ እጅግ ደስ የሚል ነው። እኔ የሜካኒካል ምህንድስና ተመራቂ ነኝ፤ የባሕረኛ ሥልጠና ለመግባት እየተዘጋጀሁ ነው። መውረድ መብት ነው ወይስ የካፒቴኑ ችሮታ? ቪዛስ ያስፈልጋል?

ባሕረኛው ጻፈ፦

መብት ነው፤ ግን ከሥራው ጋር የሚስማማ መብት ነው። በ2006 (እንደ ፈረንጆች) የወጣው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ለጤናና ለደኅንነት ሲባል ባሕረኛ መውረድ እንዳለበት ይናገራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልግህ የባሕረኛ መታወቂያ ደብተርህና ወኪሉ የሚያወጣልህ የመውረጃ ወረቀት ነው፤ እንደ አገሩ ግን ይለያያል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድህን ከፓስፖርትህ አትለየው። የወባ መከላከያውንም ከመድረስህ በፊት ጀምር፤ ኮምቦልቻ ላደግን ልጆች ወባ የምናውቀው ጠላት ነው፣ አትናቀው።

ሌላው፦ መልሕቅ ላይ ሳለን ሁሉም መሐንዲስ ባንድ ጊዜ አይወርድም። ነፋስ ቢነሳ ሞተሩ በአጭር ጊዜ ውስጥ መነሳት አለበት፤ ስለዚህ ተረኛው ይቀራል። እኔም ከ9 ቀን 4 ቀን ብቻ የወረድኩት ለዚህ ነው።

የባሕረኛ እናት (ሐይቅ) ጻፈ፦

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። የእኔም ልጅ መርከብ ላይ ነው፤ ሁለት ዓመት ሆነው። ሲደውል «እማዬ መልሕቅ ላይ ነን» ይለኛል። እኔ ከሐይቅ ሌላ ውኃ አላየሁም። ጀልባ ሲታሰር ከዛፍ ጋር ሲታሰር ነው የማውቀው። ያን የሚያህል መርከብ ባሕር መሐል ምን ይይዘዋል? ሌሊት እያሰብኩ እንቅልፍ አጣለሁ። ጥያቄው የማያውቅ ሰው ጥያቄ ቢሆንም ንገረኝ።

ባሕረኛው ጻፈ፦

እትዬ፣ አብሽሩ። ጥያቄዎ ትልቅ ጥያቄ ነው፤ እኔም የመጀመሪያ ሌሊቴን በዚሁ ሐሳብ ነው ያደርኩት።

ብዙ ሰው መልሕቁ ብቻውን እንደ ምስማር መሬት ወግቶ የሚይዝ ይመስለዋል። መልሕቁ መሬቱን ቧጥጦ ይይዛል፤ ግን ያለ ሰንሰለቱ ክብደት አይሆንለትም። የሰንሰለቱ እያንዳንዱ ቀለበት አንድ ሰው ብቻውን የማያነሳው ብረት ነው። ሰንሰለቱ በ27.5 ሜትር እየተከፈለ ይቆጠራል፤ እኛ ዛንዚባር ላይ 6 ክፍል፣ ማለትም 165 ሜትር ለቀን ነበር። ጥልቀቱ ግን ከ30 ሜትር አይበልጥም። የቀረው ሁሉ የባሕሩ ወለል ላይ ተጋድሞ ይተኛል። መርከቧ በነፋስ ስትሳብ መጀመሪያ ያን የተኛ ብረት ከመሬት ማንሳት አለባት፤ ስለዚህ ቀስ ብላ ትወዛወዛለች እንጂ አትሄድም። ላሟ በረጅም ገመድ ተተክላ ዙሪያዋን እንደምትግጥ ማለት ነው።

ሌሊቱን ሙሉ ደግሞ ድልድዩ ላይ፣ ማለትም መርከቧ ከምትመራበት ክፍል፣ የሚነቃ መኮንን አለ። መርከቧ ከክቧ ወጥታ እንደሆነ በመሣሪያም በዓይንም ያያል፤ የባሕር ዳር መብራቶችን እየለካ ይጽፋል። ልጅዎ «መልሕቅ ላይ ነን» ካለዎት ከሁሉ ይልቅ በሰላም የሚተኛበት ሌሊት እሱ ነው። እርስዎም ይተኙ።

የባሕረኛ እናት (ሐይቅ) ጻፈ፦

ስለ ላሟ ስትነግረኝ ገባኝ። ዕድሜ ይስጥህ፤ ለእናትህም ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ባቲ ሰኞ ጻፈ፦

እኔ ባቲ ገበያ ቅመም ነጋዴ ነኝ። ቅርንፉድ ስመዝን ዕድሜዬ አለቀ፤ ዛፉን ግን አይቼው አላውቅም። አያቴ ቅርንፉዱን ውኃ ነክራ ካለሰለሰችው በኋላ በመርፌ እየበሳች ክር ላይ ሰክታ ከዶቃዋ ጋር አንገቷ ላይ ታስረው ነበር፤ ስታቅፈኝ የሚሸተኝ እሱ ነው። ስለዚህ የኤሊውን ተውና መጀመሪያ የቅርንፉዱን እርሻ ንገረኝ።

ባሕረኛው ጻፈ፦

እህቴ፣ እንግዲያው በደንብ ስሚኝ።

ሦስተኛው ጉዞዬ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ በሚኒባስ የሚደርስ እርሻ ነው። ዛፉ ቀጥ ያለ ነው፤ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ፣ ቁመቱ ከባለ ሁለት ፎቅ ቤት የሚበልጥ። አንድ ወጣት ገመድ ይዞ ጫፉ ላይ ወጥቶ ቅርንጫፉን ወደ ራሱ እየሳበ በእጁ ይለቅማል። አንቺ የምትመዝኚው ፍሬ አይደለም፤ ገና ያልፈነዳ የአበባ እምቡጥ ነው። አረንጓዴው ወደ ሮዝ ሲዞር መለቀም አለበት፤ አበባው ከፈነዳ ዋጋ የለውም። ስለዚህ አንድ ዛፍ ላይ ብዙ ጊዜ ይወጣሉ፤ ሁሉም ባንድ ቀን አይደርስምና።

ከታች ሴቶች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ዘለላውን መዳፋቸው ላይ አድርገው በአውራ ጣታቸው አንዴ ሲጠመዝዙት እምቡጡ ወደ አንድ ወገን፣ እንጨቱ ወደ ሌላ ወገን ይወርዳል። አንዷ ለእኔም ሰጠችኝ፤ እሷ አሥር ስትጨርስ እኔ አንድ አልጨረስኩም። ጣቴ እስከ ማታ ሲለበልበኝና ሲሸተኝ ዋለ። ከዚያ ምንጣፍ ላይ ዘርግተው ለቀናት ፀሐይ ያስመቱታል። ደመና ሲመጣ ሕፃን አዋቂው እየሮጠ ምንጣፉን ይጠቀልላል፤ በርበሬ አስጥታ ዝናብ የመጣባት እናት እንዴት እንደምትሮጥ ታውቂያለሽ፣ ልክ እንደዚያ ነው። ሲደርቅ ሮዙ ወደ ቡናማ ይለወጣል፤ ስታጎብጪው ጠቅ ብሎ ይሰበራል። ክብደቱም ወደ ሲሶ ይወርዳል። አንድ ኪሎ የምትሸጪው፣ ዛፍ ላይ እያለ ወደ ሦስት ኪሎ ነበር።

ዛፉ የደሴቲቱ ተወላጅ አይደለም። ከሩቅ ምሥራቅ ደሴቶች ተነስቶ፣ በሕንድ ውቅያኖስ በነበሩ የፈረንሳይ ቅኝ ደሴቶች በኩል፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ነው የደረሰው። ዛሬ ከዛንዚባር ይልቅ ጎረቤቷ ፔምባ ደሴት ብዙ ታመርታለች።

መምህር ከደሴ ጻፈ፦

የተወደድክ ወንድሜ፣ የታሪክ መምህር ነኝና ጥቂት ልጨምር፤ በአንድ ነገርም ላስጠነቅቅህ።

ማስጠንቀቂያው ስለ ሰዓቱ ነው። አንተ ባትለውም ይህን አንብቦ «ሰዓት አቆጣጠሩን ከእኛ ወሰዱት» የሚል ሰው እንዳይመጣ። ሁለታችንም ከምድር ወገብ ብዙ አንርቅም፤ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ በግምት በተመሳሳይ ሰዓት ትወጣለች፣ በተመሳሳይ ሰዓት ትገባለች። እንዲህ ያለ ሰማይ ሥር የሚኖር ሕዝብ ቀኑን ከንጋት መቁጠሩ የሚጠበቅ ነው።

የሚያገናኘን ሌላ ነገር ግን አለ፦ ጠገራ ብር። የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ ዓመተ ምሕረቱ ሁልጊዜ 1780 የሚል ያ ብር በዛንዚባር ቅርንፉድና የዝሆን ጥርስ ይገዛበት እንደነበረ ሁሉ፣ ባቲ ገበያ ላይም ጨውና ከብት ይገዛበት ነበር። የባቲ አንጥረኞች አቅልጠው ያንገት ጌጥ ሠርተውበታል። ደሴቲቱና ባቲ ሳይተዋወቁ አንድ ኪስ ነበራቸው ማለት ይቻላል።

ሌላም አለ። እናንተ መልሕቅ የጣላችሁበት ባሕር ላይ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ቆመው የሱልጣኑን ቤተ መንግሥት በመድፍ የደበደቡት በ1888 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ነው። ጦርነቱ አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። በዚያው በ1888 ዓ.ም. የካቲት ላይ ራስ ሚካኤል የወሎን ፈረሰኛ ይዘው አድዋ ነበሩ። ለተማሪዎቼ ሁለቱን ቀኖች ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጽፌ ነው የማስተምረው።

የባሪያ ገበያውን ቦታ አይተሃል? ስላልጻፍከው ነው የምጠይቅህ።

ባሕረኛው ጻፈ፦

መምህር፣ አይቻለሁ። ያልጻፍኩት እንዴት እንደምጽፈው ስለቸገረኝ ነው።

አራተኛውን ቀን ለሁለት ነበር የከፈልኩት። ጠዋት ቻንጉ ወደምትባለው ትንሽ ደሴት ሄድኩ። እስር ቤት እንድትሆን ተሠርታ እስረኛ ያልገባባት፣ የበሽተኞች ማቆያ የነበረች ናት። በ1919 (እንደ ፈረንጆች) ከሲሼልስ የመጡ ግዙፍ ኤሊዎች ዘሮች እዚያ አሉ። አንዱን ጎመን አበላሁት፤ አንገቱን ሳከው ቀና ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

ከሰዓት በኋላ ግን ገበያው የነበረበት ቦታ ሄድኩ። ገበያው በ1873 (እንደ ፈረንጆች) ሲዘጋ የእንግሊዝ ሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን ሠራበት። ከአጠገቡ ባለው ሕንፃ ሥር ሁለት ክፍሎች ያሳያሉ። ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ብርሃኑ በግድግዳው ጠባብ ስንጥቅ ነው የሚገባው። ሰንሰለቱ አሁንም አለ። እኔ የሰንሰለት ሰው ነኝ መምህር፤ በየቀኑ የመልሕቅ ሰንሰለት አያለሁ፣ የቀለበቱን ውፍረት በዓይኔ እለካለሁ። የዚያ ሰንሰለት ቀለበት ቀጭን ነው፤ የሰው አንገትና ቁርጭምጭሚት ተለክቶ የተሠራ ነውና። ውጭ ጉድጓድ ውስጥ በአንገታቸው የታሰሩ አምስት የድንጋይ ሐውልቶች ቆመዋል። ከዚያ በኋላ የትም አልሄድኩም፤ ዳርቻው ላይ ተቀምጬ ጀልባ ጠበቅሁ።

መምህር ከደሴ ጻፈ፦

ጽፈኸዋል እኮ። ስለ እኛም ልናገር፦ ከደጋው በወሎ በኩል ወደ ታጁራ ወደብ (ጅቡቲ) ይወርድ የነበረው የነጋዴ መንገድ ቡናና የዝሆን ጥርስ ብቻ አልነበረም የሚያመላልሰው፤ ሰውም ይነዳበት ነበር። በአገራችን ባርነት በሕግ ሙሉ በሙሉ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ዛንዚባር ያንን ክፍል ለጎብኚ ከፍታለች። እኛ ባቲን ስናስታውስ የግመሉንና የጨውን ብቻ ነው የምናስታውሰው። ይህ ይቆጨኛል።

ባቲ ሰኞ ጻፈ፦

መምህር፣ እውነትዎን ነው። አያቴ ትንሽ ትንሽ ትነግረን ነበር፤ እኛ ልጆች ስለሆንን ከመስማት ይልቅ ጨዋታችን ይበልጥብን ነበር። አሁን የምጠይቃት የለችም።

ቶሳ ጻፈ፦

ሌላ ወገንም ይሰማ። እኔ አምስት ዓመት በሞተር ክፍል ረዳትነት ሠርቻለሁ፤ ዛንዚባርንም፣ ሞሪሸስንም ከመርከቡ ጠርዝ ላይ ነው የማውቃቸው። ሕጉ በ24 ሰዓት ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በ7 ቀን 77 ሰዓት ዕረፍት ይላል። ወረቀቱ ላይ ይሞላል። በአንዱ መርከቤ ላይ ግን ወረቀቱና ሰውነቴ አይስማሙም ነበር። ፈቃድ ሲሰጠኝ ጀልባው ይቅርብኝ ብዬ እተኛ ነበር፤ የጀልባውም ገንዘብ ለእናቴ ቤት ጣሪያ ይሆናል እል ነበር። ጣሪያው ተሠርቷል፤ አልጸጸትም። ያልወረደውን ልጅ ግን እንዳትወቅሱት።

ባሕረኛው ጻፈ፦

ወንድሜ ቶሳ፣ እውነት አለህ፤ ከላይ «አትመለሱ» ብዬ የጻፍኩት ከባድ ቃል ሆኖብሃልና ይቅርታ። ደክሞት የሚተኛን ሰው አልወቅስም። እኔም በዘጠኙ ቀናት አንዱን ሙሉ ተኝቻለሁ።

ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ብዙ ገንዘብ አላወጣሁም። ቡናው ርካሽ ነው፤ መደቡ በነፃ ነው። ከምዜ ጋር በመጨረሻው ቀን ስንሰነባበት ባሕሩ ከዳርቻው ርቆ ሄዶ ነበር፤ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ሙላቱም ጉድለቱም ይብሳል፣ እዚያ ልዩነቱ እስከ አራት ሜትር ይደርሳል። ጀልባው እስኪንሳፈፍ አሸዋው ላይ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ወደ ነፋሱ እያመለከተ «ካስካዚ» አለኝ፤ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነው። በዚህ ነፋስ ድሮ ከዐረቢያ የሸራ መርከቦች ይመጡ ነበር፤ «ኩሲ» የሚሉት የደቡቡ ነፋስ ሲነሳ ይመለሳሉ። ይህን ያስረዳኝ አሸዋ ላይ በጣቱ እየሳለ ነው። ለዚያ ትምህርት የከፈልኩት የለም።

ቶሳ ጻፈ፦

እሺ ወንድሜ። የአሸዋው ሥዕል ልቤን ነካኝ። ልጄ ካርታ ላይ ሞሪሸስን አይታ «አባዬ እዚህ ምን አለ?» ብላኝ ነበር፤ የምነግራት አልነበረኝም። ዛሬ ማታ ስለ ቅርንፉዱ ዛፍ እነግራታለሁ።

የቦርከና ልጅ ጻፈ፦

ቶሳ፣ ስለ ዕረፍት ሰዓቱ የጻፍከውን ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። ሁለታችሁም ኑሩልኝ።

ባቲ ሰኞ ጻፈ፦

ባሕረኛው፣ ከዚያ እርሻ ያመጣኸው ቅርንፉድ አለ? ከእኔው ጋር አስተያይቼ ማሽተት እፈልጋለሁ።

ባሕረኛው ጻፈ፦

አለ። አንድ እፍኝ በጨርቅ ቋጥሬ የሞተር ክፍል ቁም ሳጥኔ ውስጥ አስቀምጬው ነበር፤ በናፍጣው ሽታ መሐል ስድስት ወር ቆይቶ አሁንም ይሸታል። ግማሹን እናቴ ለሻይ ወስዳዋለች። ቀሪውን ይዤ የፊታችን ሰኞ ባቲ እመጣለሁ፤ የምትቀመጪው በየት በኩል ነው?

ባቲ ሰኞ ጻፈ፦

ከበርበሬ ተራ አለፍ ብሎ፣ ሰማያዊ ሸራ ሥር። በጠዋት ና፤ አራት ሰዓት ሳይሞላ። በእኛ አራት ሰዓት ነው።